አሮጌ ሰሌዳ፣ አዲስ ልብስ

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የክብር ዘመኑ አጭር ነው። አዲስ በነበረ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ቀይ ጨርቅ ለብሶ፣ በመስታወት ተዘግቶ፣ ቁልፉም በጸሐፊው ኪስ ውስጥ ሆኖ ይከበራል። ጥቂት ዓመት ሲቈይ ግን ጨርቁ በፀሐይ ይነጣል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ምስማርና ስፒል የበሳው ቦታ ሁሉ ወንፊት ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ዕድል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ይጠጣል፣ ወይ ተፈልጦ ለማገዶ ይሆናል።

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ተጣለ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ከቤት በተገኘ ያረጀ ጨርቅ አልብሰን፣ በልብስ ስፌት ወይም በጥልፍ ሥራ ለሚተዳደር ሰው የሥራ ክፍል እንዴት እንደሚበጅ እናያለን። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ወጪውም ከጥቂት ምስማርና ከአንድ ጥቅል ክር አይበልጥም። ጥቅሙ ግን ክፍሉን ከማስጌጥ ያለፈ መሆኑን እስከ መጨረሻው ቢያነቡ ይረዱታል።

ምሳሌያችንን ከመርሳ እንውሰድ። መርሳ በሰሜን ወሎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሲሪንቃ፣ ግራናና ውርጌሳም በዚሁ ወረዳ ውስጥ ናቸው። ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ጋር ይዋሰናል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ መሬቱ ወደ ደጋው ይወጣል። ስለዚህ የገበያው ቀን ሲደርስ ሰው ከደጋውም ከቆላውም ይሰበሰባል። ገበያተኛው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ዘይቱን ሸምቶ፣ ለልጁ ወይም ለሚስቱ ጨርቅ በሜትር አስለክቶ ከገዛ በኋላ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ልብስ ሰፊ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ትለካለች፣ ቀብድ ትቀበላለች፣ «ለሚመጣው ገበያ ይደርስልዎታል፣ እትዬ» ትላለች። ልኩን የጻፈችበት ብጣሽ ወረቀት በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ከክርና ከቁልፍ ጋር ተደባልቆ ይቈይና ከሦስት ቀን በኋላ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በሚቀጥለው ገበያ እናቲቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ተጕዘው ሲመጡ ጨርቁ እንደ ታጠፈ ተቀምጧል። «ነገ ይምጡ» ይባላሉ። ከተሜው «ነገ ይምጡ» ቢባል ነገ ይመጣል፤ ተናዶም ቢሆን። የገጠር ሰው ነገው ግን የሚመጣው ገበያ ነው። «ነገ» የምትለዋ አንዲት ቃል ለእርሳቸው አንድ ሳምንት ናት።

መቼም በአገራችን የልብስ ሰፊ ቀጠሮ የቀልድ መነሻ ሆኖ ቈይቷል። ይሁን እንጂ ለሰርግ የታሰበ ቀሚስ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ቢደርስ፣ ለበዓል የተገዛ የልጅ ልብስ ልጁ በአሮጌው ልብስ ከዋለ በኋላ ቢሰጥ ቀልድነቱ ያበቃል። ደንበኛዋ ተጣልተው አይሄዱም፤ ዝም ብለው ይሄዳሉ፣ ለጎረቤታቸውም ይነግራሉ። በትንሽ ከተማ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሀብቷ መኪናዋ ብቻ አይደለም። መኪና ቢሰበር ይጠገናል፤ «እርስዋ ቃሏን አትጠብቅም» የተባለች እንደ ሆነ ግን መጠገኛው ሩቅ ነው። ዛሬ የምናለብሰው ሰሌዳ ቃልን በግድግዳ ላይ ለማስቀመጥ የሚረዳ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ሰሌዳውን እናግኝ። የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ሰባራም ቢሆን የሕዝብ ንብረት ስለ ሆነ ከጓሮ አንሥቶ መሄድ አይገባም። አገልግሎቱን የጨረሰ ንብረት በሚወገድበት ጊዜ ጠይቀው፣ ዋጋም ካለው ከፍለው፣ ደረሰኝ ይዘው ይውሰዱ። ይህ ካልተመቸ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቺፑድ ወይም ኮምፐርሳቶ፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ ያረጀ የጠረጴዛ ገበታ ሁሉ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ ሰሌዳው 120 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው እንበል። የእርስዎ ሰሌዳ ከዚህ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ቍጥሩን ያስተካክሉ።

በዚህ አካባቢ አሮጌውን ዕቃ ማዳን ከቍጠባም በላይ ትርጕም አለው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜን የነበረው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ዘልቆ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሲቈይ፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋሞች፣ መሥሪያ ቤቶችና ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋልም። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ብዙ ንብረት አጥቷል። ከሱቁ ዕቃ ጋር የስፌት መኪናውን ያጣ ሰው ሥራውን እንደገና ሲጀምር በመጀመሪያ የሚገዛው መኪና፣ መቀስና ካውያ ነው፤ ለሰሌዳና ለመደርደሪያ የሚተርፍ ገንዘብ አይኖረውም። ስለዚህ ከሞላ ጎደል በነፃ የሚሠራ የሥራ ዕቃ በዚህ ስፍራ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ ጨርቁን እንምረጥ። ሦስት ዓይነት ያስፈልጋል፤ ከታች የሚነጠፍ ወፍራም፣ ከላይ የሚለበስ ጠንካራ፣ ለኪስ የሚሆን ጥብቅ።

ከታች የሚነጠፈውን በተመለከተ በውጭ አገር ቡሽ ወይም ስፖንጅ ይጠቀማሉ። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር በቤታችን አለን፤ ይኸውም ያረጀ ጋቢ ነው። ነጠላ እንደ ስሙ ነጠላ ነው፤ ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው። አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት ድርብ ይሆናል፤ ስፒል ሲሰካበትም አንቆ ይይዛል። መካከሉ ሳስቶ ለመልበስ ያልበቃ ጋቢ ዳርና ዳሩ ገና ደህና ስለሚሆን፣ ሳስቶ ያለውን ክፍል ቈርጠው ይጣሉና ደህናውን ይጠቀሙ።

ከላይ የሚለበሰው አቡጀዲ ቢሆን እንመርጣለን። አቡጀዲ በ19ኛው መቶ ዘመን በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ አገራችን ገብቶ፣ እስከ ዛሬ ከየቤቱ ያልጠፋ ጨርቅ ነው። አሮጌ አንሶላ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ወይም የካኪ ልብስም ይሆናል። ሆኖም አበባ የበዛበትን ጨርቅ አይምረጡ፤ ወረቀት ሲሰካበት ዐይን ይበትናል። አንድ ቀለም ያለው፣ ቢቻል ፈዘዝ ያለ ጨርቅ ይሁን።

ለኪስ የሚሆነው ደግሞ የአሮጌ ቀሚስና የነጠላ ጥለት ነው። ነጠላው አልቆ እንኳ ጥለቱ ብዙ ጊዜ ሳይጎዳ ይቀራል። ጥለት የሌለው ቤት ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅዳጅ ያውጣ። የጂንሱን የኋላ ኪሶችም አይጣሉ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አንዳንድ ሰው «ድሪቶ በግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም» ይል ይሆናል። በእኛ ቋንቋ ድሪቶና ቡትቶ የድህነት ስሞች ሆነው ስለ ቈዩ ይህ አያስገርምም። ነገር ግን በሌላው ዓለም ያለውን እንመልከት። በቤንጋል ምድር ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በጥቃቅን ስፌት በመስፋት «ካንታ» የሚባለውን መደረቢያ ይሠራሉ፤ ዛሬ ያ የእጅ ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በሚባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች በአውሮጳ አቆጣጠር በ2002 በኒው ዮርክ ከተማ በዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል። እራፊ ጨርቅ ውርደት የሚሆነው ያለ አሳብ ሲጣፍ ነው፤ ተለክቶና ተስተካክሎ ሲሰፋ ጥበብ ይባላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ያጽዱ። የቀድሞውን ጨርቅ ይግፈፉ፣ አሮጌውን ምስማርና ስፒል በጉጠት ይንቀሉ፣ መስታወት ካለው በጥንቃቄ ያውጡ። ከዚያም ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ያውሉት። ምስጥ ወይም ነቀዝ የበላው እንጨት በጣት ሲመቱት ድምፁ ባዶ ነው፤ እንዲህ ያለውን አይውሰዱ፣ ሌላውን የቤት ዕቃ ያስበላልና።

ሁለተኛ፣ ጋቢውንም አቡጀዲውንም በሞቀ ውኃ አጥበው ያድርቁ። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተወጠረ ጨርቅ በክረምት እርጥበት ይላላና ይጨማደዳል። ከደረቀ በኋላ በካውያ ይተኵሱት።

ሦስተኛ፣ ይለኩና ይቁረጡ። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥ የልብስ ሰፊ ሕግ ስለ ሆነ ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገንም። ጋቢው ታጥፎ ልክ የሰሌዳውን ያህል፣ 120 በ80 ይሁን። አቡጀዲው ግን በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው፤ ስለዚህ 140 በ100 ይሆናል። ጥለቱ እያንዳንዱ 140 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ቅዳጅ ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 5 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ልብስ የማይገኝ ከሆነ ይቀጣጥሉት፤ ቅጥሉ ግን የኪሱ መለያ ስፌት በሚያርፍበት ላይ እንዲውል ያድርጉ፣ አይታይም።

አራተኛ፣ ኪሶቹን ጨርቁ ከመወጠሩ በፊት ይስፉ። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ሰው ሰሌዳውን ከመኪናው መርፌ በታች ማስገባት ስለማይችል ሁሉንም በእጅ ለመስፋት ይገደዳል። አቡጀዲውን ዘርግተው በሳሙና ስንጣሪ መሥመር ያስምሩ። በመጀመሪያ በየጎኑ የ10 ሳንቲ ሜትሩን ትርፍ ይለዩ። በመካከሉ ከሚቀረው የሰሌዳ ልክ ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ ጀምረው በ18፣ በ38፣ በ58 እና በ78 ሳንቲ ሜትር አራት አግዳሚ መሥመር ያስምሩ። የእያንዳንዱ ጥለት የታችኛው ጠርዝ በእነዚህ መሥመሮች ላይ ይሰፋል፤ የላይኛው ጠርዝ ክፍት ይቀራል። ከዚያም ወርዱን በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከፍለው ጥለቶቹን በቁመት ያያይዟቸው። እነሆ፣ አራት ዓምድና አራት ረድፍ፣ በድምሩ 16 ኪስ አገኙ።

አምስተኛ፣ ይወጥሩ። ጋቢውን በሰሌዳው ላይ ይንጠፉ፣ አቡጀዲውን ያልብሱ፣ ሰሌዳውን በፊቱ ይድፉት። ምስማር ሲመቱ ከማዕዘን አይጀምሩ። መጀመሪያ የላይኛውን ጎን መካከል፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን የታችኛውን ጎን መካከል ይምቱ፤ የግራና የቀኙንም እንደዚሁ። ከዚያ ከመካከል ወደ ዳር እየሄዱ ተቃራኒዎቹን ጎኖች በየተራ ይምቱ። ማዕዘኖቹን በመጨረሻ እንደ ፖስታ አጥፈው ይያዙ። ጨርቁ በምስማር ራስ እንዳይቀደድ ከእያንዳንዱ ምስማር በታች ትንሽ የቆዳ ወይም የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ያድርጉ። ሰሌዳው ስስ ሆኖ ምስማር የማይችል ከሆነ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ በጀርባው በኩል በወፍራም ክር ከጎን ወደ ጎን እየሳቡ እንደ ጠፍር አልጋ ይጠፍሩት። አያቶቻችን አልጋን ያህል ነገር ያለ ምስማር አጥብቀው ወጥረው ነበር፤ ሰሌዳ አያቅተንም።

በመጨረሻ የጂንሱን የኋላ ኪሶች ከሰሌዳው በታች ባለው ጠርዝ ላይ አንጠልጥለው ይስፉ። አንዱ ለሜትር፣ አንዱ ለመቀስ፣ አንዱ ለሳሙና ስንጣሪና ለእርሳስ ይሆናል።

ስለ መስቀሉ ደግሞ አንድ ምክር አለን። ቤትዎ በጭቃ የተመረገ ከሆነ ምስማሩ ቋሚውን ወይም ማገሩን ካላገኘ አይጸናም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ይምቱና እንጨቱ ያለበትን ቦታ በድምፁ ይለዩ። ይህም ካልሆነ ከላይ ከወራጁ በሽቦ ያንጠልጥሉት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ላይ አይሁን፣ ቀለሙ ይነጣል። ከከሰል ካውያው ይራቅ፤ ጥጥና ወረቀት ለፍንጣሪ ቅርብ ናቸው። ከፍታውም ስፒሉን ሕፃን እንዳይደርስበት፣ እርስዎ ግን ከመኪናው ላይ ሳይነሡ እንዲያነቡት ሆኖ ይመረጥ።

ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። አራቱ ዓምዶች አራት የገበያ ሳምንቶች ናቸው። ከእያንዳንዱ ዓምድ በላይ የገበያውን ቀን የያዘ ትንሽ ወረቀት በስፒል ይሰኩ። የመጀመሪያው ገበያ ሲያልፍና ሥራው ሁሉ ለባለቤቱ ሲደርስ፣ የዚያ ዓምድ ወረቀት ይነሣና የአምስተኛው ገበያ ቀን ይሰካበታል። እንደ መስኖ ውኃ ተራ ይዞራል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ ከደብተር ልባስ ወይም ከካርቶን የተቈረጠ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አንድ ካርድ ይዘጋጅ። በካርዱ አናት ላይ ስም፣ የልብሱ ዓይነትና የመድረሻው ቀን ይጻፍ። በታችኛው ግማሽ ልኩ፣ የተቀበሉት ቀብድና ቀሪው ሒሳብ ይጻፍ። ካርዱ በኪሱ ሲገባ አናቱ ብቻ ይታያል፤ የታችኛው ይሸፈናል። ይህን ያደረግነው በምክንያት ነው። የሴት ልጅ የወገብና የደረት ልክ በሱቅ ውስጥ ለገባና ለወጣው ሁሉ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ የአንዱ ደንበኛ ዕዳም ሌላው ሊያየው አይገባም። ሰሌዳ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ቢሆንም የማይነገረውንም መያዝ ይችላል።

ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ከገዛ ጨርቁ ላይ ጣት የሚያህል ቅዳጅ ቈርጠው መካከሉን እንደ መጋዝ ጥርስ አጣመው ለሁለት ይክፈሉት። አንዱን ግማሽ ከካርዱ ጋር በስፒል ያያይዙ፣ ሌላውን ለባለ ጨርቁ ይስጡ። እናቲቱ ገንዘባቸውን በሚቋጥሩበት በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ግማሾች ጥርስ በጥርስ ሲገጥሙ ደረሰኝ ሆኑ ማለት ነው። ልጃቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ቢልኩም ስም ሳይሳሳት፣ ጨርቅ ሳይለዋወጥ ይረከባሉ። «ቆጥሮ የማይሰጥ ሌባ፣ ቆጥሮ የማይረከብ ሌባ» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ዓይነት ይጠበቃል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። በየዓምዱ አራት ኪስ ብቻ ያደረግነው ለምን ይመስልዎታል? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ በአንድ መኪና አንድ ቀሚስ ለመጨረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጅባታል እንበል። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠራ አራት ቀሚስ ትጨርሳለች፤ አምስተኛውን አትጨርስም። መብራት የጠፋበት፣ መርፌ የተሰበረበት፣ ለቅሶ የተገኘበት ቀን ሲቀነስ ደግሞ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ሦስቱን ኪስ ለቀጠሮ፣ አራተኛውን ለድንገተኛ ሥራ ይተዉት። የእርስዎ ፍጥነት ከዚህ ቢለይ የገዛ ራስዎን የአንድ ወር ሥራ በእውነት ቈጥረው የኪሱን ብዛት ይወስኑ። ዓምዱ ሲሞላ ሰሌዳው ስለ እርስዎ መልስ ይሰጣል፤ ደንበኛውን ወደ ሰሌዳው አሳይተው «ይኸው፣ ይህ ገበያ ሞልቷል፤ ለሚቀጥለው ግን ቦታ አለኝ» ይሉታል።

ይህን ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ቀብዱ በእጅ ላይ ሳለ ሥራን መመለስ የተቸገረ ሰው ሆድ አይችለውም። ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፣ የማይደርስ ሥራ በተቀበሉ ቍጥር የሚደርሰውንም ያበላሻሉ። አምስተኛው ቀሚስ አራቱን ያዘገያል፤ በአንድ ቀብድ ምክንያት አራት ደንበኛ ያስቀይማሉ።

ይህ አሳብ በትንንሽ ሱቅ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስልዎ። በደሴና በወልድያ መካከል የሚመላለሱት ቶዮታ ሚኒባሶች የተሠሩበት የጃፓን ኩባንያ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥርዐት ይጠቀማል። የኩባንያው መነሻ ሽመና መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባለው ሰው የሽመና መኪና ፈልሳፊ ነበር፤ የመኪናው ኩባንያ ከዚያ የሽመና ሥራ ወጥቶ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1937 ተቋቋመ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ በፋብሪካው ውስጥ ካርድ የሌለው ሥራ እንዳይሠራ፣ ካርዱም ከተወሰነው ቍጥር እንዳያልፍ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። የዚህ ደንብ ስም «ካንባን» ነው፤ ትርጕሙም በጃፓንኛ የምልክት ሰሌዳ ማለት ነው። ታላቁ ፋብሪካ የሠራበት ጥበብ ከአንዲት የመርሳ ልብስ ሰፊ ክፍል ውስጥ ቢገባ እንግዳ አይሆንም።

በዓላትንም በሰሌዳው ላይ አስቀድሞ ማየት ያሻል። ወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በዓል በአንድ መንደር የሚከበርበት አገር ስለ ሆነ፣ ልብስ ሰፊ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ማወቅ አለበት። እንቍጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው። ፋሲካ ቀኑ ቢለዋወጥም ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ይመጣሉ። አምና ልብስ በተጠየቀበት ቀን ዘንድሮ እጠየቃለሁ ብሎ የጠበቀ ልብስ ሰፊ በዓሉ ያመልጠዋል። ለልጃገረዶች የነሐሴው በዓል፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው፣ አለ። ከነሐሴ እስከ መስከረም ደግሞ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይመጣል፤ ጥር የሰርግ ወር ነው። በዓል ያለበትን ዓምድ ቀን በያዘው ወረቀት ላይ ቀይ ክር አሥረው ይለዩት። ቀይ ክር ያለበት ዓምድ ሲመጣ አራተኛውን ኪስ አጥብቀው ይጠብቁት፤ የበዓል ዋዜማ ያለ ድንገተኛ ሥራ አያልፍምና።

«ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ ይያዛል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ የቀሚሱን ፎቶግራፍና የደንበኛውን ስልክ ቍጥር በስልክ መያዝ ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ስልክ በኪስ ውስጥ ሆኖ ባለቤቱን ብቻ ያያል፤ ባትሪውም ያልቃል። ሰሌዳ ግን ለባለ ሱቋም፣ ለረዳቷም፣ ለደንበኛዋም እኩል ይታያል። ባለ ሱቋ ብትታመም ወይም ለለቅሶ ብትሄድ ረዳቷ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ከሰሌዳው ታነባለች። ሥራ የሚማሩ ልጆችም ቀጠሮን ማክበር የሚለምዱት የሚታይ ነገር ሲኖር ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ዕቃ ቤትዎን ይፈትሹ። ሳስቶ የተጣለ ጋቢ፣ ያለቀ ነጠላ ጥለት፣ ማንም የማይፈልገው ሰባራ ገበታ ሳይገኝ አይቀርም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ለየብቻቸው ከንቱ የሆኑት ሦስቱ በአንድነት ሲሰፉ የሱቅዎን ስም ይጠብቃሉ። ሰሌዳውን ሰቅለው ሲጨርሱ ካርድ የሚጽፉት በመጀመሪያ ለአዲስ ሥራ እንዳይሆን። በመሳቢያዎ ውስጥ ታጥፎ የቈየውን፣ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የሄደበትን ጨርቅ ያውጡና ስሙን በካርድ ላይ ጽፈው በመጀመሪያው ዓምድ፣ በመጀመሪያው ኪስ ያኑሩት። ለሚመጣው ገበያ ይድረስለት።